ዘበኛው ልጅ

የቀብሩን ሥርዓት የሚመሩት አጎት ታን የቀርከሃውን ዱላ ለሟቹ አባት አቀበሉና «ሦስት ጊዜ ነው፣ ጓንግዪ። ቀስ አድርገህ ንካውና ይለፍ» አሉ።

ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ጥፋተኛ ነው፤ ሳጥኑ ተመትቶ ካልተቀጣ አይቀበርም። በእኛ በቻይናዋ ሁናን መንደሮች እንዲህ ነው። ሊቹዋን ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከጎርፍ ሰው ሲያወጣ ውሃ ወሰደው፤ አሁን አመዱ በትንሽ ሳጥን ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያመጡት፣ በታጠቀው ፖሊስ ኃይል አብረውት ያገለገሉ ስድስት ባልደረቦቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል።

ታላቅ ወንድሙ ዳሃይ የመደበኛው ጦር ሻምበል ነው። ከአባቱ ጎን ቆሞ፣ እነዚያን ስድስት ልጆች ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። አባቱ የድሮ መድፈኛ ናቸው። ለእሳቸው ጦር ማለት ጦር ነው፤ እስር ቤትና ድልድይ የሚጠብቀው የታጠቀ ፖሊስ ግን ዘበኛ ነው። ሊቹዋን ለእረፍት በመጣ ቁጥር «ዘበኛው መጣ! በሩን ለማን ጥለህ ነው?» ይሉት ነበር። ዳሃይም አብሮ ይስቃል።

ባለፈው አዲስ ዓመት ሊቹዋን ወደ ጓሮ ጠርቶት ነበር። «ጋሼ፣ አባባ አንድ ቀን እንኳ ወታደር ቢለኝ ምን አለበት? አንተ ብትነግረው እኮ ይሰማሃል።»

ዳሃይ እሺ አለ። ከዚያ ረሳው።

አባትየው ዱላውን አነሱ። ሳይመቱ ከሰልፉ ፊት ወደቆመው ሃምሳ አለቃ ዞሩ።

«ውሃው ውስጥ በራሱ ፈቃድ ነው የገባው?»

«የለም አባባ፣ ታዞ ነው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ ሃምሳ አለቃው፤ እንባው ቀደመው።

«አላንገራገረም?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ጓንግዪ፣ ሰው ቆሟል እኮ» አሉ አጎት ታን።

አባትየው ዱላውን መሬት ላይ ጣሉት። «አልመታውም። ታዞ የሞተ ወታደር ምን አጠፋ?»

ወታደር አሉት። ስድስቱም ሰሙ፤ አጥር ላይ የተደገፉት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሰሙ።

ከዚያ አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ዳሃይ ጠጋ አሉ። «ዘበኛ ስለው ቅር ይለው ነበር እንዴ? ለአንተ አንዳች ብሎህ ያውቃል?»

ዳሃይ ሳጥኑን አየ።

«አያውቅም፣ አባባ» አለ።

ጎንበስ ብሎም ዱላውን ከመሬት አነሳው፤ የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም።