ድንበሩን ያሳዩት አባት

የሁለት አገር መሐንዲሶች ድንበር ሊያካልሉ መጥተው መንደሩን ሲጠይቁ፣ አንድ ሽማግሌ ማሳቸው ወደ ማዶው አገር እንዳይሄድባቸው ፈሩ። «ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ወሰናችን ይኸው ወንዝ ነው» ብለው ማሉ። ቃላቸው ተያዘ። ወንዙ ዳር የድንበር ድንጋይ ተተከለ፣ ወታደርም ቆመ። መንደርተኛው ማሳችንን አተረፉልን ብሎ መረቃቸው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ወንዙ ማዶ የተዳረችው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን በወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። መንገድ ላይ ምጥ ጀምሯት ነበር።

«የይለፍ ወረቀት!» አለ ወታደሩ መሻገሪያው ላይ።

«ኧረ ልጄ ናት!» አሉ ሽማግሌው ከወዲህ እየሮጡ።

«የውጭ አገር ሰው ናት፣ አባቴ። እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

ልጅቷ ድንጋዩን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች።

«አባዬ» አለች፣ «ይህን ድንጋይ እዚህ ያስተከለው ማን ነው?»