ምንጣፉ ላይ ያለችው ዝይ

በሬድበርን ዝይዎች የበረዶ ሆኪ ቡድን መልበሻ ክፍል ወለል ላይ አንድ ምንጣፍ አለ። መካከሉ ላይ የቡድኑ አርማ፣ አንገቷን ያስረዘመች ነጭ ዝይ ተሸምናለች። ይህች ዝይ አትረገጥም። ተጫዋቹም፣ አሠልጣኙም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ግድግዳውን ታከው ዞረው ያልፋሉ። በስሕተት የረገጣት ሰው ለመላው ቡድን ቁርስ ይጋብዛል፤ ዳግመኛ አይሳሳትም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሃሎራን በመጣበት ቀን፣ ቡናውን በወረቀት ኩባያ እንደያዘ፣ በሁለት እግሩ ቆመባት።

የማሊያ ሰፊዋ ማርሊን አየችው። በማግስቱ እሱ ለሁሉም ቁርስ ሲጋብዝ እሷ ከዳቦው አልቀመሰችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኑን ማየት አስጠላት።

ማርሊን ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተጫዋች ስም ስትሰፋ፣ የተጫዋች ስም ስትፈታ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ሬድበርን ውስጥ በረዶው ሰባት ወር ይቆያል። ሰባት ወር ያለ ሆኪ እንዴት እንደሚገፋ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። ስለዚህ ቡድኑ ተሽጦ ወደ ደቡብ፣ በረዶ በማሽን ብቻ ወደሚሠራበት የበረሃ ከተማ ሊሄድ ነው የሚለው ወሬ ሲመጣ እንቅልፍ አጣች።

የሚወስኑት አምስት የቦርድ አባላት ናቸው። ሁለቱ ሀብታሞች ይሸጥ ብለው በጋዜጣ ተናግረዋል። ዶክተሯ አይሸጥም ብላለች። አራተኛው የሠራተኛው ተወካይ ኦረስት ነው። ኦረስት የመንሸራተቻ ጫማ ስለት ሲስል ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረ፣ ክንዱ ላይ ዝይ ያስነቀሰ ሰው ነው፤ እሱ ምን ይል ይሆን ብሎ የጠየቀም አልነበረም። አምስተኛው ሃሎራን ነው። እሱ ምን እንዳሰበ አይናገርም።

በየካቲት አንድ ጠዋት ኦረስት ሱሪዎች በክንዱ ላይ ጥሎ ወደ ማርሊን ክፍል ገባ። አፍንጫው ተልጧል።

«አፍንጫህን ምን ነካው?»

«ሐይቁ ላይ ዓሣ ሳጠምድ ውዬ የበረዶው ነጸብራቅ ጠበሰኝ። እነዚህን ከጉልበት በላይ ቁረጪልኝ።»

«በዚህ ብርድ ቁምጣ? አበድክ እንዴ?»

«ለበጋ ነዋ! ያኔ ወረፋሽ መች ይደርሰኛል?» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውዬው ዛሬ ምንጣፉን በሜትር ሲለካ ያዝኩት።»

የማርሊን መርፌ ቆመ። «ዝይዋ ያለችበትን?»

«ሌላ ምንጣፍ አለን? የሚጭንበትን ሣጥን ሊያሠራ ነው። ንቂ እንጂ ማርሊን! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ማርሊን ነቃች። ከመኪና ላይ ባዶ ሣጥኖች ሲወርዱ ቆጠረች። ሃሎራን በኮሪደሩ የተሰቀሉትን የድሮ ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲያወርድ በበሩ ስንጥቅ ተመለከተችው። ስልክ ሲደውል በሩን ይዘጋል። ምን የሚያስዘጋ ነገር አለ?

ሐሙስ ዕለት ራሱ ወደ እሷ መጣ።

«ወይዘሮ ማርሊን፣ ያረጁ ማሊያዎች አሉዎት? ከመጀመሪያው ቡድን ጀምሮ ያሉትን ነው የምፈልገው።»

«ለምን ፈለጓቸው?»

«አሁን ልነግርዎ አልችልም። እባክዎ ለማንም አይንገሩ።»

«ለማን ነግሬ!» አለችው። ገና ኮሪደሩን ሳይጨርስ ሮጣ ለኦረስት ነገረችው።

«አላልኩሽም?» አለ ኦረስት፣ ስለቱን ከድንጋዩ ላይ ሳያነሳ። «ዝይ እንኳ ደቡብ ከርማ ትመለሳለች። ይሄ ሰውዬ የሚወስዳት ግን መመለሻ የላትም።»

በዚያው ሳምንት ኦረስት አዲሱን የበረዶ አካፋውን ይዞላት ቤቷ ድረስ መጣ። «ያንቺው እጀታው ተሰብሯል። ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አላት። ማርሊን እንባዋ መጣ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደጃፏ ላይ ስለሚከመረው በረዶ ያሰበላት እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አምስቱ ተሰበሰቡ። ድምፅ የሚሰጠው በታጠፈ ወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ ነው። ውጭ ግማሹ ከተማ በረዶ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኩለ ቀን ላይ የቦርዱ ጸሐፊ ወጣና ወረቀቱን ሳያይ ተናገረ።

«ሦስት ለሁለት። ይሸጥ ተብሏል።»

«ሃሎራን!» ብሎ ጮኸ አንዱ። ሌላው በረዶ ጠፍጥፎ የሃሎራንን መኪና መስታወት መታ። ማርሊን ግን አልጮኸችም። ቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሄደች።

ሃሎራን እዚያ ብቻውን ነበር። ሣጥኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል።

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!» አለችው። እርስዎ ማለቱን ረስታዋለች። «አንተ ግን የበላህበትን ሸጥክ። ምናለ ሌላ ከተማ ብታጠፋ? ምን አደረግንህ?»

ሃሎራን ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ድምፁ ምስጢር ነው፣ ወይዘሮ ማርሊን» አላት። ከዚያ ኮቱ ግድግዳውን እየታከከ፣ ከምንጣፉ ርቆ፣ በጎን በጎን ዞሮ ወጣ።

ዛሬ ማክበሩ ምን ሊረባን ነው አለች በልቧ። ንዴቷ አልበርድ ሲላት አንዱን ሣጥን በእግሯ መታችው። ክዳኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጎንበስ ብላ አነበበችው። ‘ለሬድበርን ቤተ መጻሕፍት። ቡድኑ ቢሄድም ይህ እዚሁ ይቀራል።’ ወደ ሁለተኛው ዞረች። ያው ጽሑፍ ነው። ምንጣፉን የሚያህለው ረጅሙ ሣጥንም ላይ ያው ነው።

በሩ ተከፈተ። ኦረስት ነው፤ የስለት መሳያ ዕቃውን ሊወስድ መጥቷል። ዕቃው ያለው ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ነው።

«አይዞሽ የኔ እህት» አላት።

ከዚያም እያፏጨ፣ ግድግዳውን ሳይታከክ፣ በነጯ ዝይ ላይ ቀጥ ብሎ ተራመደ።