የደጁ ካሜራ

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ማራኪ ኢስታንቡልን ብቻዋን በእግሯ ስትዞር ውላ ወደቡ ዳር እንደቆመች ስልኳ ነዘረ። አሜሪካ፣ ሊልበርን ያለው ቤቷ በር ላይ የተገጠመው ካሜራ ነው። ከፈተችው። ጎረቤቷ ፀሐይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጁ ላይ ደረሰች። ሁለት ወንዶች የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ተከተሏት። ባሏ ዘገየ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረበት፤ መኪናው ግን ደጁ ላይ እንደቆመ ነው።

«ፀሐይዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለች በካሜራው በኩል።

ሦስቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ውይ፣ ማራኪ! ምንም የለም የኔ ቆንጆ፤ ፕሮግራም ቢጤ ነው። አንቺ ኢንጆይ አድርጊ!»

«ዘገየን ጥሪልኝ።»

«ሻወር እየወሰደ ነው።»

አንድ የወንድ መዳፍ መጥቶ ካሜራውን ሸፈነው። ስልኳ ጠቆረ፤ ከቤቷ የሚወጣው ልቅሶ ግን ይሰማት ነበር።

የዘገየን መርዶ ያረዷት ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለው በዚያው በር ካስገቧት በኋላ ነው።