የድስቱ ክዳን

«አምባሯን ያወለቀች ልጅ በማግስቱ ትወሰዳለች» ይላሉ ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ፣ ወይንሸትን ባገኟት ቁጥር። ወይንሸትም ይህን ፈርታ የስምንት ዓመት ልጇን የትርሲትን አምባር ዓመት ሙሉ አልነካችም።

ትምህርት የሚከብዳቸው፣ ሲከፋቸው የሚጮኹ ልጆች ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ማረጋጊያ አምባር ማሰር ከጀመሩ ወዲህ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ድሮ ትርሲት ስትናደድ የድስት ክዳን ትደበድብ ነበር። እናቷም ሌላ ክዳን አንስታ ትመልስላት ነበር፤ ቀስ፣ ደግሞም ቀስ እያለች፣ ልጅቷ እስክትረጋ ድረስ። አሁን ክዳኑ ሥራው ድስት መክደን ብቻ ሆኗል። ትርሲት አትጮኽም፤ አትስቅምም።

እሁድ ጠዋት ወይንሸት አምባሩን ፈታችው። ልጅቷ አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች። እናቷ ክዳኑን አቀበለቻት፤ ሌላውን ራሷ አንስታ ክዳን እየመቱ ሲመላለሱ ረፈደ።

«ጉድሽ ፈላ ልጄ፣ ይመጡብሻል» አሉ እትዬ ዘርፌ ከአጥር ማዶ።

«ይምጡ፤ ለነሱም ክዳን አላጣም።»

አምባሩ መፈታቱን ራሱ አሳብቆ ኖሮ በማግስቱ ከጤና ጣቢያው አንዲት ባለሙያ መጣች። ወይንሸት ልጇን ከኋላዋ ሸሸገች። ትርሲት ከዚያው ሆና ክዳኗን ሁለቴ መታችና ሳቀች። ወይንሸት ዓይኗን ከሴትዮዋ ሳታነሳ ሁለቴ መለሰችላት።

ሴትዮዋ የተፈታውን አምባር ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ማንንም ልጅ ወስደን አናውቅም» አለች። «ማሰሩም ማውለቁም የእናት ፈቃድ ነው፤ አምባሩ ሲታሰር እርስዎ የፈረሙት ወረቀት ላይ ከመጀመሪያውም ተጽፏል።»