ከብሩ ቅብ ሥር

ልጅቷ በአዲሱ የፕላስቲክ መንፊያ ትራምፔቷን ነፍታ ጨረሰችና ከንፈሯ እስኪያሳክካት ጠበቀች። ዛሬም ካበጠ የባንዱ አለቃ ትራምፔቱን ነጥቆ ከበሮ ሊያሸክማት ነው፤ ቁርጡን ነግሯታል።

«አሳከከሽ?» አሉ መንፊያውን የሰጧት የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ።

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«ገና? ቀጠሮ ሰጥተሽዋል እንዴ?»

ከንፈሯን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። በድሮው መንፊያ ቢሆን አንድ ዜማ ሳትጨርስ እንደ ቲማቲም ይቀላ ነበር። አሁን ግን ምንም የለም። አላመነችም፤ ያንኑ ዜማ ደግማ ነፋች። አሁንም ምንም። ሰውየው የድሮውን መንፊያ ወደ መስኮቱ አዙረው አሳዩዋት። ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የብር ቅቡ ተልጦ፣ ከሥሩ ቢጫው ነሐስ አፍጥጦ ነበር። «ያሳበጠሽ ይሄ ለቆዳሽ ያልተስማማው ነሐስ ነው። ብሩን ምን በላው? በአሸዋ ነው እንዴ የምታጥቢው?»

«በጥርስ ሳሙና» አለች ቀስ ብላ። «በየቀኑ ነው የምፈትገው። እንዲያብረቀርቅ ብዬ።»

«ጎበዝ! ራስሽ ልጠሽ ራስሽ አበጥሽ!»

«ታዲያ ከንፈሬ... ጤነኛ ነው?»

«ከንፈርሽማ ምን ሆነ? ብሩን እስክቀባልሽ በዚህ በፕላስቲኩ ንፊ። ለአለቃሽም በፕላስቲኩ ንፊ ያለኝ ጠጋኙ ነው በዪው።»

ልጅቷ ትራምፔቱን አነሳች። ልትነፋ ከንፈሯን ሰብሰብ ብታደርግ፣ ፈገግታው አልሰበሰብ አላት። ደጋግማ ሞከረች፤ ትራምፔቱ ግን ፍፍፍ ከማለት በቀር አንድም ድምፅ አላወጣ አለ።