የጋሻዬ በግ ጉበት

ጎረቤቷ እሱባለው ለባሏ ሙት ዓመት የታረደውን በግ ጉበት በቢላዋ ሲሰነጥቅ ወለተ ሥላሴ ትኩር ብላ ታየው ነበር። ባሏ የበግ ጉበት ላይ ትል የሚያመጣውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ቦይ ቆፍሮ በጎቹ የሚግጡበትን ረግረግ ሲያደርቅ፣ «ጋሻዬ ከቀንድ አውጣ ጋር ጦርነት ገጠመ!» እያለ ሰው ያሳቀበት ይኸው እሱባለው ነበር።

እሱባለው ጉበቱን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ጨመቀው። ትል የለም። ደግሞ ጨመቀው።

«ምነው፣ ጠፋብህ?» አለችው።

«አንዲት እንኳ ብትቀርልኝ ምን ነበረበት!» ሲል ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ከጉበቱ ቆርጦ ጎረሰና አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ የአያ ጋሻዬ አካፋ አለ? የኔም መስክ ረግረግ ነው።»

ወለተ ሥላሴ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላዋሰችውን አካፋ ልታመጣ እየሳቀች ወደ ቤት ገባች።