የወይዘሮ አምሳለወርቅ ቁም ተዝካር

ወይዘሮ አምሳለወርቅ የሐሞት ጠጠራቸው በቀዶ ጥገና እንዲወጣላቸው ከመንግሥት ሆስፒታል የተሰጣቸው ቀጠሮ ለከርሞ ነበር። ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ በግል ሆስፒታል እንዲያሳክማቸው ነጋዴ ልጃቸውን ጉልላትን ለመኑት።

«እማዬ፣ እነሱ እኮ ዘራፊዎች ናቸው። ተራሽ እስኪደርስ ታገሺ» አላቸው፣ አዲሱን መኪናውን እየወለወለ።

«እንግዲያው ሳልሞት ቁም ተዝካሬን ደግስልኝ።»

የጉልላት ፊት በራ። ሰው ለሚያይለት ወጪ ሰስቶ አያውቅም። የበሬውን፣ የድንኳኑን፣ የጠጁን ገንዘብ አስጨበጣቸውና ወዳጅ ዘመዱን ሁሉ ጠራ።

በድግሱ ቀን እንግዶቹን አስከትሎ ሲደርስ የእናቱ ግቢ ጭር ብሏል። ደነገጠና ስልካቸው ላይ ደወለ። ያነሳችው ነርስ ነበረች።

«እናትዎ አሁን ከቀዶ ጥገና በሰላም ወጡ። ‹እንግዶቹን ሾርባ ይዘው ለጥየቃ ይምጡ በያቸው› ብለውኝ ነበር የገቡት።»